እህቴ «ኦቲዝም ምን እንደሆነ አታውቂም» አለችኝ

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ጽፌ ግን አላውቅም። ዕድሜዬ 28 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መሀል መዋል ያደክመኛል። ሰው እጠላለሁ ማለቴ አይደለም። ስልክ ከመደወሌ በፊት የምናገረውን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ሠርግ ቤት ስሄድ ጓዳ ገብቼ ሰሃን አጥባለሁ። ሰዎች «ባለሙያ ናት» ይሉኛል፤ እኔ ግን ከሙዚቃውና ከጫጫታው መሸሼ ነው። ጉርሻ ሲመጣብኝ ሆዴ ይገለባበጣል። የሰው እጅ ተጸይፌ አይደለም፤ ወጥ የጠጣ እንጀራ አፌ ውስጥ ሲገባ መቋቋም አልችልም። ትንሽ ልጅ ሆኜ የአንበሳ አውቶቡስ ቁጥሮችን ከነመነሻና መድረሻቸው በቃሌ እይዝ ነበር። አሁን ቢሮ ውስጥ ጄኔሬተር ሲነሳ ወይም ፍሎረሰንቱ ዝዝዝ ሲል ሥራ ይጠፋብኛል። ማታ ቤት ስገባ መብራት ሳላበራ ጋደም እላለሁ፤ ከማንም ጋር ማውራት አልችልም። የሥራ ባልደረቦቼ «ኩሩ ናት» ይሉኛል።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት ሴት ኦቲዝም እንዳለባት ካደገች በኋላ ስለማወቋ ቲክቶክ ላይ ስትናገር ሰማሁ። ስለ እኔ የምታወራ መሰለኝ። አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ስለዚሁ ጉዳይ ማየት ማቆም አልቻልኩም። ኢንተርኔት ላይ ያለ ባለ 50 ጥያቄ መመዘኛም ሞላሁ፤ 36 አመጣሁ። 32 እና ከዚያ በላይ ምልክት ነው ይላል።

ታላቅ እህቴ ኦቲዝም ያለበት የ8 ዓመት ልጅ አላት። ከጥቂት ቃላት በላይ አይናገርም፣ ሌሊት አይተኛም፣ መጸዳጃ ቤት ብቻውን አይሄድም። እኔና እሱ በጣም እንዋደዳለን። ጥፍሩን ለመቁረጥ ከእኔ በቀር ማንንም አያስጠጋም። ትረዳኛለች ብዬ ለእህቴ ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። «አንቺ ዲግሪ ይዘሽ፣ ደመወዝ እየበላሽ፣ በታክሲ ሄደሽ እየመጣሽ? ኦቲዝም ምን እንደሆነ አታውቂም። የልጄን ችግር ፋሽን አታድርጊው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደንብ አናወራም። እናቴ ደግሞ «ምንም የለብሽም፣ ይሄን ስልክ ተዪው» ትለኛለች።

ኦቲዝም አለብኝ ማለት እችላለሁ? ወይስ እህቴ እውነቷን ነው?

ግራ የተጋባችው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ በደብዳቤ ብቻ ኦቲዝም አለብሽ ወይም የለብሽም ልልሽ አልችልም። እችላለሁ የሚልሽ ካለም አትመኚው። ግን የጻፍሽው ነገር የሥራ ፈት ወሬ አይደለም። ሰሃን እያጠብሽ ያሳለፍሻቸው ሠርጎች፣ ጨለማ ውስጥ ጋደም ያልሽባቸው ምሽቶች እውነተኛ ድካም ናቸው። ስም ተገኘላቸውም አልተገኘላቸውም እውነት ናቸው። ከዚህ እንነሳ።

ያ ቪዲዮ ለምን እንዳስለቀሰሽ ይገባኛል። ዕድሜ ልክሽን «ኩሩ» ስትባዪ ኖረሽ፣ አንዲት የማታውቂያት ሴት ሌላ ምክንያት ሰጠችሽ። እሷ ስለራሷ የተናገረችው እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ከእሷ በኋላ ስልክሽ ያመጣልሽን ሁሉ እንደዚያው አትመኚ። የአሜሪካው ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባወጡት ጥናት፣ ቲክቶክ ላይ ብዙ ሰው ያያቸውን ስለ ኦቲዝም መረጃ የሚሰጡ 133 ቪዲዮዎች አንድ በአንድ መርምረው ነበር። ትክክል ሆነው የተገኙት 27 በመቶው ብቻ ናቸው። 41 በመቶው የተሳሳቱ፣ የቀሩት ደግሞ የአንዱን ገጠመኝ የሁሉም የሚያስመስሉ ነበሩ። ስልክ ደግሞ አንዴ ያለቀስሽበትን ነገር አይረሳም፤ ያንኑ እየደጋገመ ያመጣልሻል። እናትሽ «ስልኩን ተዪው» ሲሉ ጥያቄሽን ማጣጣላቸው ልክ ባይሆንም፣ ለጥቂት ሳምንታት ከእነዚህ ቪዲዮዎች ብታርፊ ደስ ይለኛል። ያኔ የራስሽን ድምፅ ከእነሱ ድምፅ መለየት ይቀልሻል።

የሞላሽውን መመዘኛ በ2001 ያዘጋጁት እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ያሉ እነ ሳይመን ባረን-ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። የሐኪም ምርመራን ይተካል ብለው አላወጡትም። አንዳንዱ ጥያቄውም እኛ ዘንድ ሲደርስ መልኩ ይለወጣል። ለምሳሌ ከድግስ ይልቅ ቤተ መጻሕፍት መሄድን ትመርጫለሽ ወይ የሚል አለበት። እኛ ጋ ድግስ መቼ በምርጫ ሆኖ ያውቃል? ካልሄድሽ ቅያሜ አለው። ደግሞም ማኅበራዊ ፍርሃት ያለበት ሰው ኦቲዝም ሳይኖርበት ከፍ ያለ ቁጥር ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ 36ቱን አልንቀውም። ጥያቄሽ ወደ ባለሙያ መሄድ የሚገባው ጥያቄ መሆኑን ያሳያል። መልሱ ግን እሱ አይደለም።

ራሳቸውን መርምረው «ኦቲዝም አለብኝ» በሚሉ ሰዎች ላይ የሚስቅ ብዙ ነው። እኔ አልስቅም። ብዙ አዋቂዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ በጊዜው ሳይታዩ አልፈዋል። የልጆች የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 ስለ ኦቲዝም በጻፈው የታወቀ ጽሑፍ ከገለጻቸው 11 ልጆች 8ቱ ወንዶች ነበሩ። በዓመቱ ቪየና ላይ ሐኪሙ ሃንስ አስፐርገር በዝርዝር ያቀረባቸው 4 ልጆች ደግሞ ሁሉም ወንዶች። ባለሙያው ለረጅም ጊዜ ዓይኑን ያለማመደው በወንድ ልጅ ነው። ሌላውን እያየች የምትኮርጅ፣ ፈገግታዋን የምትለማመድ፣ ንግግሯን ወረቀት ላይ የምትጽፍ ሴት ልጅ ማን ልብ ይላታል?

እኛ አገር ደግሞ ነገሩን የሚሸፍን ሌላም አለ። ታላቅን ዓይን ዓይኑን አለማየት ጨዋነት ነው። ዝም ያለች ልጅ «ጭምት» ተብላ ትመሰገናለች። ሰላምታችን ቀድሞ የታወቀ ነው፦ እንዴት አደርሽ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ለቅሶ ቤት ምን እንደሚባል፣ የት እንደሚቀመጡ፣ መቼ እንደሚነሱ ልጅም ያውቀዋል። ምን ልበል ብሎ ለሚጨነቅ ሰው ይህ ሁሉ ትልቅ እፎይታ ነው። የሚከብደው ሕግ የሌለው ቦታ ነው፤ የቢሮ የሻይ ሰዓት፣ ድንገት የመጣ ቀልድ፣ «እስኪ ተጫወቺ» የሚባልበት ቤት። እስቲ አንቺን ልጠይቅሽ፤ ለቅሶ ቤት መቀመጥና ከባልደረቦችሽ ጋር ሻይ መጠጣት የቱ ይከብድሻል? ሁለቱም እኩል የሚከብዱሽ በሰው መታየትና መተቸት ስለሚያስፈራሽ ነው? ወይስ ሰው የሚጠብቅብሽን መገመት ስለሚያቅትሽ? ልዩነቱ ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ወደ ፍርሃት፣ ሁለተኛው ወደ ኦቲዝም ሊያዘነብል ይችላል። ሁለቱ አብረው የሚኖሩበት ሰውም ብዙ ነው። ያሰብሽበትን ጻፊው፤ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል።

ሐኪሙ ምን እንደሚፈልግ ብታውቂ ጥሩ ነው። ብዙ አገሮች የሚከተሉት የ2013ቱ የአሜሪካ መመሪያ ሁለት ነገሮችን አብሮ ይጠይቃል። አንደኛው ከሰው ጋር በመግባባት ላይ ያለ ችግር ነው፤ ምላሽ በመለዋወጥ፣ በፊትና በምልክት በመግባባት፣ ግንኙነት በመመሥረት። ሌላው ደግሞ የሚደጋገም ነገር፣ ለውጥን አለመቻል፣ በአንድ ጉዳይ በጥልቀት መጠመድ፣ ለድምፅ፣ ለብርሃን ወይም ለምግብ ከሌላው የተለየ ስሜት መኖር ነው፤ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ መገኘት አለባቸው። አውቶቡሶቹና ጉርሻው እዚህ ጋ ሊታዩ ይችላሉ። ከዚያ በላይ የሚመዝነው ግን መቼ ጀመረ የሚለው ነው። ኦቲዝም ከለጋ ልጅነት የሚጀምር ነው፤ ኋላ ሕይወት ሲከብድ ጎልቶ ቢታይም መነሻው እዚያ ነው። በ24 ዓመት፣ ከከባድ ሐዘን ወይም ከሥራ ጫና በኋላ የመጣ ነገር ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ሊፈለግ ይገባል። ማኅበራዊ ፍርሃት፣ ድብርት፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር)፣ የልጅነት ጉዳት ከውጭ ሲታዩ በጣም ይመሳሰሉታል። ብዙዎቹ ደግሞ ጥሩ ሕክምና አላቸው። አሁኑኑ «አለብኝ» ብለሽ በሩን አትዝጊ የምልሽ ለዚህ ነው። «ኦቲዝም ሊኖርብኝ ይችላል ብዬ እጠረጥራለሁ» ማለት ግን ሙሉ መብትሽ ነው፤ ማንም ሊያሳፍርሽ አይገባም።

አሁን ወደ እህትሽ ልምጣ። ከደብዳቤሽ ይበልጥ ያሳዘነኝ እሱ ነው።

ዲግሪና ደመወዝ ያላት ሴት ኦቲዝም ሊኖርባት አይችልም ማለቷ ልክ አይደለም። ኦቲዝም «ስፔክትረም» ነው፣ ማለትም ብዙ ዓይነት መልክ አለው፣ ሲባል ብዙ ሰው ከትንሽ ወደ ብዙ የሚወጣ ቴርሞሜትር ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። አንዱ አቀላጥፎ ይናገራል፣ የገበያ ጫጫታ ግን ያሳምመዋል። ሌላው ቃል አይወጣውም፣ ጫጫታው ግን ምንም አይለው። ሦስተኛዋ ሒሳብ ትሠራለች፣ ያልታሰበ እንግዳ ሲመጣ ግን ትርበተበታለች። በ2013 እነዚያ ቀድሞ አስፐርገር፣ ኦቲዝም እየተባሉ ይለያዩ የነበሩ ስሞች በአንድ ስም ሥር ሲጠቃለሉ፣ ሰው በሚያስፈልገው ድጋፍ መጠን በሦስት ደረጃ እንዲገለጽ ተደረገ። የእህትሽ ልጅ ብዙ ድጋፍ ያስፈልገዋል። አንቺ ኦቲዝም ቢኖርብሽም የሚያስፈልግሽ ከእሱ ጋር አይወዳደርም። ስሙ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ሸክሙ አንድ አይደለም። በነገራችን ላይ «ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ኦቲዝም አለብን» የሚባለውን አባባል አልወደውም። ስህተት ነው፤ እንደ እህትሽ ያለችውን እናትም ያቆስላል።

የኦቲዝምን ትርጉም እንዲህ ያሰፋችው ሎርና ዊንግ የምትባል እንግሊዛዊት የአእምሮ ሐኪም ናት። በ1979 ከጁዲት ጉልድ ጋር ለንደን ካምበርዌል ውስጥ ልጆችን አጥንታ፣ ኦቲዝም ካነር ከገለጸው በጣም የሰፋ መሆኑን አሳየች። በ1981 ደግሞ የአስፐርገርን ሥራ ለዓለም አስተዋወቀች። ዊንግ ራሷ ብዙ ድጋፍ የሚያስፈልጋት ኦቲዝም ያለባት ልጅ እናት ነበረች። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በራችንን ለሌሎችም እንክፈት ያለችው፣ ሌሊቱን እንደ እህትሽ የምታውቀው ሴት ናት።

ይህን ሄደሽ ለእህትሽ እንድትነግሪያት ግን አይደለም። እባክሽ አትንገሪያት። የእሷም ቅሬታ ባዶ አይደለም። በ2021 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን፣ ሌት ተቀን የሰው ክትትል ለሚያስፈልጋቸው «ጥልቅ ኦቲዝም» የሚል መጠሪያ እንዲኖር ሐሳብ አቅርቧል። ሁሉም በአንድ ስም ሲጠራ ያ የምትወጂው የእህትሽ ልጅና መሰሎቹ ይረሳሉ ብለው ስለሰጉ ነው። ሐሳቡን የሚቃወሙም አሉ፤ ስጋቱ ግን እህትሽ በንዴት የተናገረችው ራሱ ነው።

ከዚያ ደግሞ ያለፈችበትን አስቢው። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ በራሷ ልጅ ምክንያት ተነሳስታ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ስትከፍት፣ ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። ልጆች ቤት ውስጥ ተዘግቶባቸው ይውሉ ነበር። እርግማን ነው፣ የእናቲቱ ኃጢአት ነው ይባል ነበር። ዛሬም የሚል አለ። እህትሽ «ልጄ ኦቲዝም አለበት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለጎረቤት፣ ለትምህርት ቤት፣ ምናልባትም ለባሏ ቤተሰብ ደጋግማ ለማስረዳት ስንት ጊዜ እንደተጣላች አናውቅም። ሌሊት ሳትተኛ ያደረች ሴት ናት። አንቺ ያንን ቃል ስታነሺ፣ እሷ የሰማችው «የአንቺም ችግር ከእኔ አይበልጥም» የሚል ነው። አንቺ ያልሽው ግን «እንደ ልጅሽ እኔንም ተረጂኝ» ነበር። ሁለታችሁም የፈለጋችሁት መረዳትን ነው።

ስለዚህ ከእሷ ጋር ቃሉን ለጊዜው አታንሺው። በምትኩ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጁን አንቺ ያዢው። ጥፍሩን ቁረጪለት፣ አብራችሁ ተቀመጡ፣ እሷ ሄዳ ትተኛ። ይህ ማባበያ አይደለም፤ እሱን እንደምትወጂው እሷም ታውቃለች። ሌላ ቀን ትንሽ ስትረጋጋ እንዲህ በያት፦ «ያን ቀን የተናገርኩት የአንቺን ሸክም ለማሳነስ አልነበረም። ልጅሽን ሳየው ራሴን የማውቀው ስለሚመስለኝ ነው። እኔም የሚያደክመኝ ነገር አለ። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ልመረመር ነው።» «ኦቲዝም አለብኝ» ሳይሆን «ልመረመር ነው» ነው ያልኩሽ። ከዚህ ጋር መጣላት ይከብዳል። ከተቆጣችም ተዪያት፤ አንድ ቀን ራሷ «ታዲያ ምን አሉሽ?» ብላ ትጠይቅሽ ይሆናል።

እናትሽ ዘንድ ግን ሌላ ሥራ አለሽ። ልጅነትሽን የሚያስታውሱት እሳቸው ናቸው፤ ሐኪሙም ይህን አጥብቆ ይፈልገዋል። ቡና ሲፈላ ጠብቂና «ልጅ ሆኜ እንዴት ነበርኩ?» ብለሽ ጀምሪ። ኦቲዝም የሚለውን ቃል አታስገቢበት። «ምንም አልነበረብሽም» ካሉሽ ታሪክ ጠይቂያቸው። መቼ አፌን ፈታሁ? ከጎረቤት ልጆች ጋር ምን እጫወት ነበር፣ ወይስ አጠገባቸው ብቻዬን ነበርኩ? አልለብስም ያልኩት ልብስ ነበር? ቤት ስንቀይር ምን ሆንኩ? መምህራኖቼስ ምን ይሉ ነበር? የሰማሽውን በዚያው ቀን ደብተር ላይ አስፍሪው። መደምደሚያ አትጻፊ፤ የሆነውን ብቻ ጻፊ።

ከዚያ ወደ ባለሙያ። የአእምሮ ሐኪም ወይም የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ባለሙያ ነው የሚያስፈልግሽ። አማኑኤል ሆስፒታልና የጥቁር አንበሳ የአእምሮ ሕክምና ክፍል መነሻ ሊሆኑሽ ይችላሉ፤ የግል ክሊኒኮችም አሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አገራችን ውስጥ የኦቲዝም አገልግሎት በአብዛኛው ለልጆች ነው። ጆይም ነህምያ የተባለው ሌላው የኦቲዝም ማዕከልም የተቋቋሙት ለልጆች ነው። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዝሽ በፊት «አዋቂ ሰው ለኦቲዝም መርምረው ያውቃሉ?» ብለሽ ጠይቂ። ስልክ መደወል እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፤ እንደለመድሽው ወረቀት ላይ ጽፈሽ አንብቢው፣ ወይም ሰው ይደውልልሽ። ኦቲዝምን የሚያሳይ የደም ምርመራም የጭንቅላት ራጅም የለም። በቃለ መጠይቅ፣ በማስተዋልና በልጅነት ታሪክ ነው የሚታወቀው። በአንድ ምርመራ አሳይሻለሁ ወይም በመድኃኒት አጠፋልሻለሁ የሚል ካጋጠመሽ ገንዘብሽን ይዘሽ ውጪ። እንቅልፍ እያጣሽ ወይም ሕይወት እያስጠላሽ ከሆነ ግን ትክክለኛውን ባለሙያ ስትፈልጊ አትቆዪ። በቅርብሽ ያለውን ሐኪም በዚህ ሳምንት እይው።

ቢሮ ውስጥ ደግሞ ማንንም መጠበቅ የለብሽም። ከጄኔሬተሩና ከዚያ ከሚጮኸው መብራት ራቅ ያለ ጠረጴዛ ጠይቂ። «ድምፁ ሒሳቡን ያሳስተኛል» በቂ ምክንያት ነው። አለቃሽ በቃል የሚሰጥሽን ትእዛዝ በጽሑፍ እንዲልክልሽ ለምኚ። የጆሮ መድፈኛ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ማታ ጨለማ ውስጥ የምታርፊበትን ሰዓትም አትፈሪበት። ቤተሰብሽን «ስገባ ትንሽ ልረፍ፣ ከዚያ እንጫወታለን» በያቸው። ጉርሻውንም ቢሆን «አንጀቴን እያመመኝ ነው» ከማለት ይልቅ «እጄን ታጥቤያለሁ፣ ራሴ ልብላ» ብትይ ማንም አይሞትም።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ሐኪሙ «አዎ፣ ኦቲዝም አለብሽ» ቢልሽ፣ በማግስቱ ምን እንዲለወጥ ትፈልጊያለሽ? ባልደረቦችሽ ኩሩ ማለታቸውን እንዲያቆሙ? ራስሽን መውቀስ እንድታቆሚ? ሥራ እንድትቀይሪ? የምትመልሺውን ጻፊው፤ ከመልሱ ውስጥ ሐኪም ሳያስፈልግሽ ዛሬ የምትጀምሪው ይኖራል።

ቀጠሮሽ ሲደርስ ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂ። ከደጅ «ኦቲዝም አለብኝ ወይ?» ብለሽ አትጀምሪ፤ ሠርጉን፣ ስልኩን፣ ጄኔሬተሩን፣ ምሽቱን ተናገሪ፣ ከዚያ ጥርጣሬሽን ጨምሪ። ሐኪሙ «ኦቲዝም አይደለም» ካለሽም ተነስተሽ አትውጪ። «ታዲያ ይህን ያህል የሚያደክመኝ ምንድን ነው? ምን ላድርግለት?» ብለሽ ጠይቂው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳታገኚ ከዚያ ክፍል እንዳትወጪ።